መብራቱ ክስ እንጂ ፍርድ አይደለም

ከላምበረት መናኸሪያ ተነስቶ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደው ሚኒባስ አለልቱን አልፎ ዳገቱን ሲይዝ ጉልበት ከዳው። ሹፌሩ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠ፤ ሞተሩ የሰማ አይመስልም። ማርሽ ቀነሰ፤ ያው ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ቅርጽ ያላት ቢጫ መብራት በራች። ከኋላ አንዱ ተሳፋሪ «ሹፌር፣ በሬ ነው እንዴ የምትነዳው?» አለ። ሰው ሳቀ። ሹፌሩ ግን አልሳቀም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይህ አራተኛው ነበር።

ዳር ይዞ አጠፋው። ሃያ ደቂቃ ጠብቆ ሲያስነሳው ሞተሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተነሳ፤ ደብረ ብርሃን ድረስም ያለ ችግር ገባ። መከራውም ይኸው ነበር፤ መንገድ ላይ የሚጥል፣ ጋራዥ በር ሲደርስ የሚድን በሽታ።

የሚኒባሱ ባለቤት ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጆች የምታስተምር ሴት ናት። መኪናውን የገዙት ባሏ በሕይወት እያለ በብድር ነው፤ ዕዳው ገና አላለቀም። ሹፌሩ ስምንት ዓመት አብሯት ሠርቷል። «እትዬ» ይላታል። የቀኑን ገቢ ማታ ማታ ቤቷ ድረስ ያደርሳል፤ በዓል ሲሆን ልጆቹን ይዞ ይመጣል። ስምንት ዓመት ሙሉ በመካከላቸው ከባድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም ነበር።

የመጀመሪያው ጋራዥ «ኮምፒውተር አደረገው»። መሣሪያውን ከመኪናው ጋር አገናኝተው ስክሪኑ ላይ የወጣውን አነበቡ፤ ፒ0192፤ የነዳጅ ግፊት ሴንሰር፣ ዝቅተኛ ምልክት። ሴንሰሩ ተቀየረ። ሦስት ቀን ሠራና ተመለሰ። «እንግዲያው ግፊቱ በእውነት እየወረደ ነው፤ ፓምፑ ሞቷል» ተባለ። ያገለገለ ፓምፕ ከሱማሌ ተራ ተፈልጎ ተገዛ። ባለቤቷ ለዚያ ከእቁቧ ቀድማ ወሰደች። ሚኒባሱ አምስት ቀን ሠራና እንደገና ዳገት ላይ ቆመ።

ሁለት ጊዜ የሳተ ሰው ሦስተኛ ጊዜ «አላውቅም» ማለት ይከብደዋል። የጋራዡ ኃላፊ ሌላ መልስ ሰጠ፤ «እትዬ፣ ዕቃው ላይ ችግር የለም። ነዳጁ ነው። ሹፌርሽ የት እንደሚሞላ ጠይቂው።»

ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር የስምንት ዓመቱን ሁሉ አፈረሰች። የነዳጅ ሰልፍና የጥቁር ገበያ ጀሪካን ወሬ በየቀኑ በሚሰማበት ጊዜ ይህን ማመን ከባድ አይደለም፤ ንጹሑን ከማደያ ቀድቶ ይሸጣል፣ በምትኩ የተበረዘ ይሞላል። በማግስቱ ጠዋት ላምበረት ሄደች። በተራ አስከባሪው፣ በረዳቶቹና በሌሎቹ ሹፌሮች ፊት «ልጆቼን እያስራብክ ነዳጄን ትሸጣለህ» አለችው። ሹፌሩ ስልኩን አወጣ። ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ መቀዳት ከጀመረ ወዲህ የከፈለበት ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ፤ ቀኑ፣ ማደያው፣ ብሩ። «እትዬ፣ ይኸው እይው» አላት። እሷም «መቅዳትህን ነው የሚያሳየው፤ ከቀዳህ በኋላ ምን እንዳደረግህ አይናገርም» አለችና ቁልፉን ተቀበለችው።

መልሷ ስህተት አልነበረም፤ ደረሰኝ በእርግጥ ያን አይናገርም። ነገር ግን «አላደረገም» የሚል ማስረጃ ስለሌለ «አድርጓል» ማለት አይቻልም። ከዚያ ቀን በኋላ ሹፌሩ ሌላ መኪና ቢጠይቅም አላገኘም። በመናኸሪያ ወሬ ከመኪና ይፈጥናል።

*

እዚህ ላይ ስለ ሞተሩ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ ካንዴላ የለውም። አየሩን በኃይል ጨምቆ ያግለዋል፤ በጋለው አየር ውስጥ ናፍጣው ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። በድሮዎቹ ሞተሮች የሚረጨው መጠንና ሰዓቱ የሚወሰነው በሜካኒካል ፓምፕ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን «ኮመን ሬል» የሚባለው አሠራር መጣ። ፓምፑ ናፍጣውን ወደ አንድ የጋራ ቧንቧ ከመኪና ጎማ ግፊት በብዙ መቶ እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይገፋል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ኖዝል በሰከንድ ሽራፊ ይከፍትና ይዘጋል።

ኮምፒውተሩ ግን ዐይን የለውም። ስለ ሞተሩ የሚያውቀው ሴንሰሮቹ የነገሩትን ብቻ ነው። የነዳጁ ግፊት፣ የቱርቦው አየር፣ የውሃው ሙቀት፣ የሞተሩ ዙር፣ ሁሉም ወደ እሱ የሚደርሱት በኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ብዙዎቹ ሴንሰሮች ሦስት ሽቦ አላቸው፤ በአንዱ ኮምፒውተሩ 5 ቮልት ይሰጣል፣ አንዱ ኔጋቲቭ ነው፣ በሦስተኛው ሴንሰሩ መልሱን ይልካል። የተላከው መልስ ሊሆን ከሚችለው ክልል ውጪ ሲሆን ኮምፒውተሩ ኮድ መዝግቦ መብራቱን ያበራል፤ ሞተሩ እንዳይጎዳም ጉልበት ይቀንሳል።

እንግዲህ ፒ0192 የሚለው «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» አይደለም፤ «ፓምፑ ሞቷል»ም አይደለም። «ከዚህ ሽቦ የደረሰኝ ምልክት ከሚጠበቀው በታች ነው» ብቻ ነው። ምክንያቱ ሴንሰሩ ሊሆን ይችላል፤ የተፋቀ ሽቦ፣ የዛገ ሶኬት፣ ወይም መጀመሪያውኑ ያልደረሰ 5 ቮልት ሊሆን ይችላል። ኮዱ ምርመራው የት እንደሚጀመር ይጠቁማል። ብዙ ጋራዥ ግን ምርመራው ያለቀው እዚያ ላይ ነው ብሎ ያስባል።

*

ባለቤቷ መኪናውን ልትሸጠው ቆርጣ ነበር። ወንድሟ «ከመሸጥሽ በፊት አንድ ልጅ ይየው» ብሎ ከቴክኒክና ሙያ ተመርቆ በአንዲት ጠባብ ጋራዥ የመኪና ኤሌክትሪክ ወደሚሠራ ወጣት ወሰዳት። ሹፌሩም ሰምቶ መጣ። ማንም አልጠራውም። ቁልፉን ብሎ አልነበረም፤ ስሙን ፈልጎ ነው።

ወጣቱ ኮፈኑን አልከፈተም። መጀመሪያ «ማነው የሚነዳው?» ብሎ ጠየቀ። ባለቤቷ ዝም አለች። ሹፌሩ «እኔ ነበርኩ» አለ።

«ጋሼ፣ ጠዋት ሲነሳ አድርጎት ያውቃል?»

«አንድም ቀን።»

«ከተነሳህ ከስንት ሰዓት በኋላ ነው?»

«አንድ ሰዓት ገደማ። ዳገት ላይ ይብሳል። ቁልቁለት ላይ አድርጎት አያውቅም።»

«ቀስ እያለ ነው የሚደክመው ወይስ በአንዴ?»

«በአንዴ። የቱርቦው ፉጨት ቀጥ ይላል፤ መብራቷ ትበራለች። አጥፍቼ ሃያ ደቂቃ ካቆየሁት ይመለሳል።»

ወጣቱ ሁሉንም በካርቶን ላይ ጻፈ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሹፌሩን ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ስለዚያ መኪና ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው ምስክር መሆን ሲገባው ተከሳሽ ተደርጎ ነበር።

ከዚያ ወጣቱ «የመጀመሪያው ጋራዥ ያነበበው ወረቀት አለ?» አለ። ወረቀት የለም፤ ባለቤቷ ግን የስክሪኑን ፎቶ በስልኳ አንስታ ነበር። ፎቶው ላይ ሁለት ኮድ ነበር። ሁለተኛው ፒ0237 ይላል፤ የቱርቦ ግፊት ሴንሰር፣ ዝቅተኛ ምልክት። ጋራዡ የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ሰርዞት ኖሯል። ማስረጃው ሦስት ሳምንት ሙሉ በእሷው ቦርሳ ውስጥ ነበር።

መኪናውን ይዘው ወደ ሰንዳፋ አቅጣጫ ወጡ። ሹፌሩ መሪው ላይ፣ ወጣቱ አጠገቡ መሣሪያውን ይዞ፣ ባለቤቷ ከኋላ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ፤ የነዳጅ ግፊትና የቱርቦ ግፊት። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቁጥሮቹ ከእግሩ ጋር ከፍና ዝቅ እያሉ ቆዩ። ከዚያ አንድ ዳገት ላይ ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ወደ ታች ወደቁ። መብራቷ በራች። ጉልበቱ ከዳ።

ወጣቱ «አቁም ጋሼ፤ ተገኝቷል» አለ።

«ምኑ?»

«ምኑ እንደሆነ ገና ነው። ምን እንዳልሆነ ግን ታወቀ። የነዳጁ ግፊት እዚህ እንደሚለው ባዶ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ በዚያው ቅጽበት ይጠፋ ነበር። ሞተሩ ግን እየሠራ ነው። የቱርቦው ቁጥር ደግሞ አየር የሌለበት ቦታ ያለን ያስመስላል። እዚህ ከፍታ ላይ ቱርቦው ባይሠራ እንኳ የውጩ አየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ከዚያ በታች ይህን ያህል አይወርድም። ሁለቱም ቁጥር ውሸት ነው። ሁለቱ በአንድ ሰከንድ ከዋሹ ደግሞ የዋሹበት ምክንያት አንድ ነው።»

የፓምፑ ጉዳይ እዚያው ላይ ተዘጋ። አሮጌው ፓምፕ ንጹሕ ነበር። ባለቤቷ ከኋላ ሆና ሰማች። አንድ ቃል አልተናገረችም።

*

ጋራዥ ሲመለሱ ወጣቱ ቴስተሩን በነዳጅ ግፊት ሴንሰሩ ሶኬት ላይ አደረገ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ስለነበር 5.0 ቮልት ያነባል። ከኮምፒውተሩ የሚወጣው ይህ 5 ቮልት ለአንድ ሴንሰር ብቻ አይደለም፤ በብዙ መኪና ለሁለትና ለሦስት በጋራ ይታደላል። ወጣቱ ለባለቤቷ ያስረዳት በግቢ ቧንቧ ነው፤ «እትዬ፣ ሦስት ቤት በአንድ መስመር ውሃ ሲቀዳ የአንዱ ቤት ቧንቧ ቢፈነዳ ሌላው ቤትም ይደርቃል። እዚህም እንዲያው ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲሞቅ ውስጡ እየተገናኘ መስመሩን ያፈሰዋል። የትኛው እንደሆነ መፈለግ ነው።»

በመጀመሪያ ሽቦዎቹን በእጁ ይዞ ወዘወዘ፤ ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ከዚያ ከጎረቤት የሴቶች ፀጉር ቤት ማድረቂያ ተውሶ መጣ። አዲሱን የነዳጅ ግፊት ሴንሰር አምስት ደቂቃ አሞቀው፤ 5.0። እንዲቀዘቅዝ ጠበቀና ወደ ቱርቦ ግፊት ሴንሰሩ ዞረ። ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ፣ 5.0። አራተኛው ደቂቃ ላይ ቴስተሩ 1.9 አለ።

የቱርቦውን ሴንሰር ሶኬት ነቀለ፤ 5.0። መልሶ ሰካ፤ 1.9። ነቀለ፤ 5.0። ሦስት ጊዜ አደረገው። አንድ ጊዜ አጋጣሚ ሊሆን ስለሚችል ሦስት ጊዜ ማድረግ ግዴታ ነው።

ጥፋተኛው ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ ዕቃ ነበር። ዋጋው የፓምፑን አንድ አሥረኛ አይሞላም። ምርመራው የፈጀው አንድ ከሰዓት፣ አንድ ቴስተርና አንድ የፀጉር ማድረቂያ ነው። ወጣቱ በመጨረሻ የነዳጁን ፊልትሮም አውጥቶ ከፈተው፤ የብረት ብናኝም ውሃም አልነበረበትም። «ነዳጁ ላይ ምንም አይታየኝም። ቢበላሽም ኖሮ ሶኬት ስነቅል አይድንም ነበር» አለ።

*

የመጀመሪያውን ጋራዥ ሌባ ማለት ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። እዚያ ያሉት ሰዎች ያደረጉት ገበያው የሚከፍላቸውን ነው። ደንበኛ በእጁ ለሚይዘው ዕቃ ይከፍላል፤ «ሁለት ሰዓት ለካሁ፤ ይህ አይደለም፣ ይህም አይደለም» ላለው ባለሙያ ግን «ምን ሠራህና?» ይለዋል። ለምርመራ የሚከፍል ከሌለ ግምት ይነግሣል። የግምት ዋጋ ደግሞ እየከበደ ሄዷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ አገር ውስጥ ያሉት የቤንዚንና የናፍጣ መኪናዎች ገና ለብዙ ዓመት እየተጠገኑ መኖራቸው አይቀርም። ዛሬ በግምት አንድ ፓምፕ መቀየር የአንድ ቤተሰብን የዓመት ቁጠባ ይዞ ይሄዳል።

ነገሩ ከጋራዥም ይሰፋል። መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ሥራ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማነው?» ነው፤ «ሲሞቅ ነው ሲበርድ?» የሚል የለም። ስሙ ፊት የመጣው ይገመገማል፣ ይዛወራል፣ ይተካል። የተተካው ሦስት ወር ይሠራና ያው ጥፋት ይመለሳል። ያን ጊዜ ሁለተኛው ሰው ይቀየራል። መስመሩን የሚያፈሰው ግን ስሙ በጭራሽ ያልተነሳ ሦስተኛ ነው። በሥራው ላይ የሚውለው ሰው፣ ጸሐፊዋ፣ ነርሱ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው፣ መቼና የት እንደሚብስ ያውቃል። የሚጠይቀው የለም፤ ሲጠየቅም እንደ ተከሳሽ ስለሆነ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ብዙ መኪናዎች አንድ ሴንሰር መናገር ሲያቆም ቀጥ ብለው አይቆሙም። ኮምፒውተሩ በራሱ የተተመነ ምትክ ቁጥር ይይዝና ጉልበት ቀንሶ እያነከሰ ይሄዳል። ይህ የተሠራው መኪናው ጋራዥ እንዲደርስ ነው እንጂ ዓመት እንዲነዳበት አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ እንዲካሄድ ያዛል። የመጀመሪያው በ1976፣ ሁለተኛው በ1987፣ ሦስተኛው በ1999 ዓ.ም. ተካሄደ። አራተኛው ተደጋግሞ ተራዘመ። ከዚያ ወዲህ በጀት የሚከፈለው፣ ትምህርት ቤት የሚታቀደው፣ የክትባት ሽፋን የሚሰላው ከ1999 ተነስቶ በተሰላ ግምት ነው። ግምቱን የሚሠሩት ባለሙያዎች ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ግን ምትክ ቁጥር ምትክ ቁጥር ነው። ቆጠራው የተራዘመበት ምክንያት ከባድ ነበር፤ ሰላም በሌለበት መቁጠር አይቻልም። ይሁን እንጂ መብራቱ ከበራ ስንት ዓመት እንደሆነ መርሳት ሌላ ነገር ነው።

አሮጌ መኪና ሲሸጥ መብራቱን በፕላስተር የሚሸፍን ነጋዴ አለ። ገዢው ያለ ጭንቀት እየነዳ ይሄዳል፤ እስኪቆም ድረስ።

*

አዲሱ የቱርቦ ሴንሰር ከተገጠመ በኋላ ወጣቱ መሣሪያውን መልሶ ሰካ። «ዕቃው ቢቀየርም ኮዱ ወዲያው ከማኅደሩ አይጠፋም። መሰረዝ አለበት» አለ። ሰረዘው።

ባለቤቷ ቁልፉን ለሹፌሩ ዘረጋችለት። «በል ወንድሜ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ነገ ሥራ ግባ» አለችው።

ሹፌሩ እጁን አልዘረጋም። «እትዬ፣ እኔ ልቀየምሽ አልችልም። ግን ሌባ ያልሽኝ ላምበረት ነው። እዚህ ጋራዥ ውስጥ ያለነው ሦስት ሰዎች ነን። እዚያ ግን ሃምሳ ሰው ሰምቷል» አላት።

ለሴትየዋ ቀላል አልነበረም። በሃምሳ ወንድ ፊት ቆሞ «ተሳስቻለሁ» ማለት ፓምፕ ከመግዛት ይከብዳል። ሁለት ቀን መኪናው ግቢዋ ቆመ። በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት ገና ሳይነጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ መናኸሪያ ደረሰች። ተራ አስከባሪውን ጠራችው። ሹፌሮቹም ሻያቸውን እንደያዙ ቀረብ አሉ።

«ያን ቀን እዚህ ቆሜ ነዳጅ ይሸጣል ብዬዋለሁ። አልሸጠም። ሰው ነግሮኝ ነው፤ ሳላጣራ ተናገርኩ። የተበላሸው ሴንሰር ነው» አለች።

አንዱ ሹፌር «የቱ ሴንሰር?» ብሎ ጠየቀ። እሷም ስለ ግቢው ቧንቧና ስለ ፀጉር ማድረቂያው እንደተረዳችው ነገረቻቸው። ሁለቱ የወጣቱን ጋራዥ አድራሻ ተቀበሏት።

የፓምፑ ገንዘብ አልተመለሰም። ሹፌሩ ያለ ሥራ የዋለባቸውን ቀናት ሒሳብም እስካሁን ያነሳው የለም፤ አንድ ቀን መነሳቱ አይቀርም። ሹፌሩ ቁልፉን ተቀብሎ ጭኖ ወጣ። አለልቱን አልፎ ዳገቱን ሲይዝ ዐይኑ ከመንገዱ ይልቅ ዳሽቦርዱ ላይ ነበር። መብራቷ አልበራችም።